ዛሬ ወንዛዬ ማደሪያ አለ?

እትዬ የሺን ያወቅኋቸው ልጃቸው ከሞተ በኋላ ነው። ልጃቸውንም ያወቅሁት ከሞተ በኋላ ነው። ይህን ስጽፍ የሚከብደኝ ሁለተኛው ነው፤ ለምን እንደሆነ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

በዚያን ጊዜ ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራ ነበር። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ጉርድ ፎቶ አትማለሁ፣ የተማሪዎችን መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዛለሁ። የተማርኩት ግን ኮምፒውተር ሳይንስ ነው። ልቤ ያለውም ድረ ገጽ መሥራት ላይ ነበር። በክልሉ የኢንተርኔት ኔትወርክ ከመቋረጡ በፊት እዚሁ ቁጭ ብዬ አዲስ አበባ ላለ አንድ ድርጅት እሠራ ነበር። ኔትወርኩ ሲጠፋ ሥራውም ጠፋ። ድርጅቱ መጀመሪያ ታገሠኝ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ቀጠረ።

ያ የጨለማ ጊዜ ረጅም ነበር። ቀን ቀን ኮፒ አደርጋለሁ፤ ሰው ሲጠፋ ላፕቶፔን ከፍቼ የድሮ ሥራዎቼን እያፈረስኩ እንደገና እሠራለሁ። ለማን እንደምሠራ አላውቅም። እጄ እንዳይረሳው ብቻ ነበር። የሚያስቸግረኝ ነገር ሲገጥመኝ የምጠይቀው፣ ሲሳካልኝ የማሳየው ሰው አልነበረኝም። እናቴ "ዛሬ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?" ስትለኝ "ምንም" እላታለሁ፤ ማስረዳቱ ይደክመኛል። በዚህ ከተማ ይህን ነገር የሚያውቅ ከእኔ በቀር ማንም የለም ብዬ ደምድሜ ነበር። ኔትወርኩ ከተመለሰ በኋላም ሐሳቤ አንድ ነበር፤ ክፍሏን ለቅቄ፣ ዕቃውን ሸጬ፣ አዲስ አበባ መግባት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን ጠዋት፣ ጉሙ ገና ከመንገዱ ሳይነሣ፣ ጥቁር የለበሱ ሴት ደጄ ላይ ቆሙ። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር በነጠላቸው ሥር ደረታቸው ላይ አቅፈዋል።

"ማስተዋል የምትባይው አንቺ ነሽ?"

"አዎ እናቴ። ይግቡ፣ ዝናብ እኮ ነው።"

"ሰይድ ነው የላከኝ፣ ስልክ የሚጠግነው። ኤሌክትሪኩን አስተካክሎ አበራልኝ። 'ውስጡን ግን እኔ አላውቀውም፤ ማስተዋል ጋ ይሂዱ' አለኝ።"

ፌስታሉን ፈትተው ላፕቶፕ አወጡ። አንዱ ጥጉ ተጨፍልቋል። በቁልፎቹ መሐል ደርቆ የቀረ ጭቃ አለ። ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጡት ድምፅ እንዳያሰማ ተጠንቅቀው ነበር፣ ልክ የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኙ።

"የልጄ ነው" አሉ። "ይበልጣል ይባላል።"

ልብሳቸውን አይቻለሁ። "ይባላል" ያሉትንም ሰምቻለሁ። ወንበር ሳብኩላቸው።

"ያኔ ኔትወርክ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ፣ 'እማ፣ ባሕር ዳር ደርሼ አንድ ነገር አውርጄ ልምጣ' ብሎኝ ወጣ። ባሕር ዳር በዋይፋይ የሚሠራ ቦታ አለ ብለውት ነበር። ቀኑ እንደዛሬው ጉም ነው። ወረታ ሳይደርሱ ቁልቁለቱ ላይ ሚኒባሱ ተገለበጠ። ሌሎቹ ተርፈዋል። እሱ ነው እዚያው የቀረው። ቦርሳውን ፖሊሶች አመጡልኝ።" ነጠላቸውን ወደ አገጫቸው ሳብ አደረጉ። "ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ አልነካሁትም።"

"ነፍሱን ይማር እትዬ። እኔ ምን ላድርግልዎ?"

"ሊያወርደው የሄደውን ነገር አሳይኝ" አሉኝ። "ምን እንደነበር ልየው። ሰው ሁሉ 'ምን ሊያመጣ ሄደ?' ይለኛል፤ የምመልሰው የለኝም። የሞተበትን ነገር ሳላውቅ እንዴት እቀመጣለሁ?"

እትዬ የሺ ድንች ነጋዴ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከጋሳይ በኩል የሚመጣ ድንች እየተቀበሉ ገበያ ላይ ይሸጣሉ። ይበልጣልን ያስተማሩት በዚያ ነው። ይህን ሁሉ የነገሩኝ ላፕቶፑ እስኪነሣ ድረስ ነው፤ ማሽኑ አሮጌ ስለነበር ለመነሣት ብዙ ቆየ። የይለፍ ቃል አልነበረውም። ሲከፈት ፊት ለፊት ያለው ፎልደር አንድ ብቻ ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል "ወንዛዬ" ይላል።

"ወንዛዬ" ብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

እትዬ የሺ ቀና አሉ። "ወንዛዬ አልሽ? ፍል ውኃው?"

"እንደዚያ ነው የሚለው።"

"ጉልበቴን ሲያመኝ እሱ ነው የወሰደኝ። ስንደርስ ሰው ሞልቷል፣ ማደሪያ የለም። የሰው በረንዳ ላይ አደርን። እኔ ምንም አልመሰለኝም፤ እሱ ግን በጣም ተናደደ። 'ሰው ከቤቱ ሳይነሣ ማደሪያ መኖር አለመኖሩን የሚያይበት ነገር እሠራለሁ፤ ሁለተኛ ብርድ ላይ አታድሪም' አለኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።"

ፎልደሩን ከፈትኩት፤ ውስጡ ያለውን ገና ሳየው የሄደበት ምን እንደሆነ ገባኝ። ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ድረ ገጽ የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ ከባዶ አይነሣም። ሌሎች አዘጋጅተው ያስቀመጡት ትንሽ መነሻ አለ፤ እኛ ቴምፕሌት እንለዋለን። ጥቂት ፋይሎች ናቸው። ከፋይሎቹ አንዱ፣ ሥራው እንዲነሣ የሚያስፈልጉትን ዕቃዎች፣ ማለትም ሌሎች የፕሮግራም ክፍሎችን፣ በስም ይጠራል፤ ዕቃዎቹ ግን ውስጡ የሉም። እነሱን አንድ ትእዛዝ ጽፎ ከኔትወርክ ማውረድ ነው። ኔትወርክ ካለ ማንም ልብ የማይለው ነገር ነው። ከሌለ ግን በሩ አይከፈትም፤ የጻፍከውን ነገር ስክሪን ላይ ማየት አትችልም።

ይበልጣል መነሻውን ከሌላ ከተማ ካለ ሰው በፍላሽ ቀድቶት መሆን አለበት። ዕቃዎቹ ስለሚከብዱ ሰው ሲሰጣጥ ያንን ትቶ ነው የሚሰጠው። እሱ ዘንድ የነበረው ትንሿ መነሻ ብቻ ነበረች። የሚያስፈልገው ምን እንደሆነ በስም ያውቃል፤ ዕቃው የለውም። የሄደው ለእሱ ነው።

የመነሻዋን ፋይል ስከፍት አንድ መስመር ተለውጦ አገኘሁ። እንግሊዝኛው ተሰርዞ በአማርኛ ተተክቷል። አላነበብኩላቸውም። ራሱ ሲወጣ ያዩታል ብዬ ተውኩት።

"እትዬ፣ ያን የሄደበትን ነገር አሁን ላወርደው ነው።"

"እዚሁ? አንቺ ቤት?"

"አሁን ኔትወርክ አለ።"

ትእዛዙን ጻፍኩ። መስመሮቹ ስክሪኑ ላይ ይወርዱ ጀመር። እትዬ የሺ ላፕቶፑ የመጣበትን ፌስታል ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው እያለሰለሱ ያጣጥፉ ነበር። አጣጥፈው ሳይጨርሱ መስመሩ ቆመ።

"ጀመረ?" አሉኝ።

"አለቀ" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"የወረደው። እሱ ሊያመጣው የሄደው ይኼ ነበር።"

ፌስታሉን እንደያዙ ስክሪኑን አዩት፤ እኔን አዩኝ። "ይኼ?" አሉ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። "ይኼ ብቻ?"

ምን ልበል? ነገሩ ትልቅ ነው ብል ውሸት ነው። ትንሽ ነው ብል ልጃቸውን ሁለተኛ መግደል መሰለኝ። ገጹን አስነሣሁት።

ነጭ ገጽ ወጣ። መሐሉ ላይ በትልቁ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከሥሩ ዜሮ የተጻፈበት አንድ ቁልፍ። ሌላ ምንም የለም። እትዬ የሺ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠሩ ናቸው። ወደ ስክሪኑ ተጠግተው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ፊደል በፊደል አነበቡት።

"ዛሬ... ወንዛዬ... ማ-ደ-ሪያ... አለ?"

ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ይወርዳል። ሁለተኛ አነበቡት፤ አሁን ሳይሰባብሩ። ከዚያ ቁልፉን አሳዩኝ። "ይኼስ?"

"ይንኩት።"

ቀስቱን ቁልፉ ላይ አምጥቼ፣ ጣታቸውን ይዤ ከታች ያለውን መዳሰሻ አስነካኋቸው። ዜሮ የነበረው አንድ ሆነ። እንደገና ነኩት፤ ሁለት ሆነ።

"ምን እየቆጠረ ነው? አልጋውን ነው?"

"ምንም አይቆጥርም እትዬ። የተነካበትን ብቻ ነው። እሱ ከመነሻው አብሮ የመጣ ነው። ይበልጣል ገና አልደረሰበትም።"

"ላዩ ላይ ያለውስ?"

"እሱን ይበልጣል ነው የጻፈው።"

"እንዲህ ሆኖ አይቶታል?"

"አላየውም። ይኼ ሳይወርድ ማየት አይቻልም ነበር።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ያን ጊዜ ነው እንዲህ ብለው የጠየቁኝ።

"ልጄ፣ ይኼ የወረደው ነገር ያኔ በዚህ አገር ጨርሶ አልነበረም? በእጁ የያዘ ሰው አልነበረም?"

የእኔ ላፕቶፕ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከይበልጣል ላፕቶፕ አጠገብ ነበር። በዚያ በጨለማው ጊዜ ሁሉ ያ ዕቃ እኔ ማሽን ላይ ተቀምጦ ነበር። ኔትወርክ ሳይጠፋ ያወረድኩት ነው። በፍላሽ መስጠት ይቻል ነበር።

"አልነበረም" ማለት እችል ነበር። ማንም አያውቅብኝም። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊታቸውን ሳየው፣ የሞተበትን ነገር ሳላውቅ እንዴት እቀመጣለሁ ያሉት ትዝ አለኝ።

"ነበር" አልኩ። "እኔ ዘንድ ነበር።"

"አንቺ ዘንድ።"

"አዎ። ግን አንተዋወቅም ነበር እትዬ። እሱ መኖሩን እኔ አላውቅም፣ እኔ መኖሬን እሱ አያውቅም።"

"ቤትሽ የት ነው?"

"ከመድኃኔዓለም ዝቅ ብሎ፣ ወፍጮው አጠገብ።"

"የማን ልጅ ነሽ?"

"የወይዘሮ ዘውዴ።"

እንዲህ ስላቸው ፊታቸው ተለወጠ። እስካሁን ያላለቀሱት ሴት አሁንም አላለቀሱም፤ ግን ከፊታቸው ላይ የሆነ ነገር ወጥቶ ሄደ። ተነሡ። "እትዬ፣ ዝናቡ ያባራ" ብላቸውም አልሰሙኝም። ላፕቶፑን ትተውት፣ ፌስታሉን በእጃቸው ጨብጠው ወጡ። ተከትያቸው ደጅ ስደርስ ጉሙ ውስጥ ገብተው ነበር።

የዚያን ዕለት ሥራ መሥራት አልቻልኩም። ክፍሌን ቀድሜ ዘግቼ ቤት ስገባ እናቴ ምስር ትለቅማለች። ነገሩን ነገርኳት። ምስሩን ከጉልበቷ ላይ አወረደችው።

"የሺ? ድንች ነጋዴዋ? አብረን ሰንበቴ የምንጠጣ አይደለን እንዴ! ልጇ ሲቀበር ነበርኩ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ምን ብዬ ልንገርሽ? አታውቂው። የሰው ልጅ ሞተ ብዬ ከሥራሽ ልነሣሽ?"

ምስሯን አንሥታ መልቀም ቀጠለች፤ እጇ ግን ከምስሩ ጋር ድንጋዩንም ሲተወው አየሁ።

በማግስቱ ጠዋት ላፕቶፑን ይዤ እትዬ የሺ ቤት ሄድኩ። ከእኛ ቤት በጣም ቅርብ ነው። በየቀኑ ወደ ሥራ ስሄድ የማልፍበት ቅያስ ላይ፣ ሰማያዊ ቆርቆሮ በር። ያንን በር አውቀዋለሁ። ስንት ጊዜ በአጠገቡ አልፌያለሁ።

ወለሉ ላይ ድንች ተዘርግቷል። የበሰበሰውን ከደኅናው ይለያሉ። "ተቀመጪ" አሉኝ፤ ቀና ሳይሉ። በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ዝም ብሎ መቀመጥ ሲከብደኝ እኔም ድንቹን መለየት ጀመርኩ። አልከለከሉኝም።

"ትናንት ባንቺ ተቀይሜ አይደለም የሄድኩት" አሉ ቆይተው። "እንዳይመስልሽ።"

"ምንም አላሰብኩ እትዬ።"

"እናትሽ አንድ ቀን ሰንበቴ ላይ 'ልጄ ኮምፒውተር ላይ ተደፍታ ነው የምትውለው፤ ዓይኗን ልታጠፋው ነው' አለችኝ። እኔም 'የኔውም እንደዚያው ነው' አልኳት። ተሳሳቅን። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር አወራን።" አንድ ድንች አንሥተው አገላበጡት። "ይበልጣል ደግሞ ማታ ማታ 'እማ፣ በዚህ ከተማ ይህን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ባገኝ' ይለኝ ነበር። እኔ ምን እንደሚያወራ ስለማይገባኝ 'እግዜር ይስጥህ' እለዋለሁ። አየሽ፣ ሁለቱንም ሰምቻለሁ። በዚህም በዚያም ጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንድ ቀን እንኳ ሁለቱን አላገናኘኋቸውም።"

"እትዬ፣ ማንስ ቢሆን..."

"ተይ" አሉኝ። በቁጣ አይደለም። "እሱን አትንገሪኝ። የንስሐ አባቴም እንደዚያ እንደሚሉኝ ስለማውቅ አልሄድኩም። ማንስ ቢሆን አያገናኝም፤ አውቃለሁ። ግን የሰማሁት እኔ ነኝ።"

ተውኩ። እውነቱን ለመናገር እኔም ማጽናናት አልነበረም የፈለግሁት። "በዚህ ከተማ ይህን ነገር የሚያውቅ አንድ ሰው ባገኝ" የሚለውን እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፤ እዚሁ ቅያስ ላይ፣ በበራቸው እያለፍኩ። ለማላውቀው ሰው ያን ያህል አዝኜ አላውቅም። ወንድሜ ቢሆን እንዲህ የማዝን አይመስለኝም። የጠፋብኝን ያወቅሁት ከጠፋ በኋላ ነው።

"ምን ዓይነት ሰው ነበር?" አልኳቸው።

ያን ጊዜ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ዝምተኛ እንደነበር፣ ሲያስብ ጥፍሩን እንደሚነክስ፣ ድንች እንደሚጠላና በድንች እንዳደገ፣ የሰው ነገር ቶሎ እንደሚሰማው ነገሩኝ። ሲናገሩ ጊዜው ሄደ። ድንቹ ተለይቶ አለቀ።

"ሥራውን ልጨርስለት?" አልኳቸው። "የወንዛዬውን። እችላለሁ።"

"አይ" አሉ፣ ሳያመነቱ። "እሱ የእሱ ነው። ይልቅ ትናንት ያወረድሽውን አጥፊልኝ።"

"የትኛውን?"

"ያን የሄደበትን። እሱ እንደተወው ይሁን። ልጄ ያላየውን እኔ ብቻዬን እያየሁ መቀመጥ አልፈልግም።"

ላፕቶፑን ከፈትኩ። የወረደውን ፎልደር መርጬ አጠፋሁት። ሲጠፋ እሳቸውም እያዩ ነበር። የቀረችው ትንሿ መነሻ ናት፤ አማርኛዋ ውስጧ ተጽፋ፣ የማትታይ። ክዳኑን ዘጋሁና አልጋው ራስጌ ካለው ሣጥን ላይ አስቀመጥኩት።

ስወጣ በር ላይ አንድ ነገር ጠየቁኝ። "ያ ነገር አንቺ ዘንድ አሁንም አለ?"

"አለ።"

"ለሚፈልግ ሰው ትሰጫለሽ?"

"እሰጣለሁ እትዬ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ።

አዲስ አበባ አልሄድኩም። እትዬ የሺ አትሂጂ ብለውኝ አይደለም፤ ለመሄድ ማሰቤንም አያውቁም ነበር። ሻንጣዬን ለማዘጋጀት በተነሣሁ ቁጥር ያ ሰማያዊ በር ፊቴ ላይ ይመጣል። በዚህ ከተማ ብቻዬን ነኝ ብዬ ስንት ጊዜ አማርሬ ነበር። ብቻዬን አልነበርኩም። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን እንኳ፣ ነበረ። ሌላም ሊኖር እንደሚችል ካሰብኩ በኋላ መሄድ አቃተኝ። ክፍሌ በር ላይ "ድረ ገጽ ለሚማሩ አስፈላጊው ሁሉ ያለ ኔትወርክ በፍላሽ ይሰጣል" የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ለረጅም ጊዜ ማንም አልመጣም። ሰው አይቶ ያልፋል። አንዳንዱ ዘፈንና ፊልም ያለ መስሎት ይጠይቀኛል።

ከዚያ አንድ ጊዜ ኔትወርኩ እንደገና ጠፋ። በዚያ ሰሞን አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳ አንግታ፣ ፊቷ ተቆጥቶ ገባች። ኮሌጅ ጨርሳ ከእብናት የመጣች ናት።

"ማስተዋል ማለት አንቺ ነሽ?"

"ነኝ። ማን ላከሽ?"

"እኔ እንጃ! መናኸሪያ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጬ፣ አንዲት ጥቁር የለበሱ እናት በመስኮት ቦርሳዬን አይተው 'ኮምፒውተር ነው?' አሉኝ። አዎ አልኩ። 'ባሕር ዳር ምን ልታደርጊ ነው?' አሉኝ። የማወርደው ነገር አለኝ ከማለቴ በሩን ከፍተው፣ እጄን ይዘው አወረዱኝ። ሹፌሩ ቢጮህ፣ ረዳቱ ቢገፋቸው አልለቀቁኝም። 'ማስተዋል ጋ ሳትሄጂ አትሳፈሪም' አሉኝ። እኚህ ሴትዮ ጤነኛ ናቸው?"

ወንበር ሳብኩላት።

"ጤነኛ ናቸው" አልኳት። "ተቀመጪ። የምትፈልጊው እዚህ አለ።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ጎረቤታችሁ ቤት ውስጥ የሚሠራውን፣ የሚያነበውን፣ የሚጨነቅበትን ነገር ባይገባችሁም ስሙን ያዙ። ሌላ ቦታ ያንኑ ስም ስትሰሙ ለሰው ንገሩ። ምናልባት ምንም አይሆንም። ምናልባት ሁለት ሰዎች ተገናኝተው ሻይ ጠጥተው ይለያያሉ። ይህም ቢሆን ትንሽ አይደለም።

ከዚያች ልጅ በኋላ ሌሎችም መጥተዋል። አብዛኞቹን የላኳቸው እትዬ የሺ ናቸው፤ ከመናኸሪያ፣ ከገበያ፣ ከቅዳሴ ሲወጡ እናቶችን እያስቆሙ። ኔትወርኩ አሁን አለ። ማንም ሰው ለማውረድ ብሎ ባሕር ዳር አይሄድም። ባለፈው ይህንኑ አስረዳኋቸው።

"እትዬ፣ አሁን እኮ ሁሉም እቤቱ ሆኖ ያወርዳል። በዚህ ብርድ መናኸሪያ መሄድዎን ይተዉት።"

"አውቃለሁ" አሉኝ።

ዛሬም ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ እዚያው ነበሩ፤ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ወደ ባሕር ዳር የሚጭነውን ሚኒባስ መስኮት በመስኮት እያዩ።